ዶክተር ሽቦና የዘጠኝ ሰዓቱ ሕመም

ያን ዓመት በጋው አልወጣ ብሎ ነበር። ከቢሯችን ፊት ለፊት አንድ አሮጌ ሕንፃ ያፈርሱ ነበርና ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ አቧራውን ተሸክሞ በየመስኮቱ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ጣትህን ብታሳርፍ ምልክቱ ይቀራል። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ይቆረቁራል፣ ሰው ሁሉ በሆነ ባልሆነው ይነጫነጫል። እኔ ግን ያን በጋ ባሰብኩ ቁጥር ደረቴ ላይ አንድ ነገር ሞቅ ይለኛል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ይሁን፣ ብዬዋለሁ።

ኮምፒውተር የገባበት ቢሮ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለው። ከአንድ ቢሮ በቀር ሌላ ባላውቅም፣ የትም ሀገር ቢኬድ አለ ብዬ እምላለሁ። ወገቡ ላይ ፒንሳና ቁልፍ የሚያንጠለጥል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ የነጣ፣ ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ማንም ሰላም የማይለው፣ አንድ ነገር ሲቋረጥ ግን ከሥራ አስኪያጁ በላይ የሚፈለግ። የእኛው ዶክተር ሽቦ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት የግዢ ክፍሏ ኃላፊ ናት፤ ሽቦ ሲይዝ በሁለት ጣቱ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ የደም ሥር እንደሚያዳምጥ ሰው ነው። እሱም ቅር አላለውም። «ዶክተር» ሲሉት ኮሌታውን ያስተካክላል።

እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ አንዱን ጣቴን ብቻ አስተማርኩት፤ ዘጠኙ እስከ ጡረታዬ ድረስ ዝም ብለው አዩት። ሰው ሁሉ «እትዬ መዝገብ» ይለኛል። የፎቃችን ሽቦዎች ሁሉ የሚገናኙበት፣ ስዊች የሚሉት ጥቁር ሳጥን እኔ ክፍል ነበር የተቀመጠው፣ ከፋይሎቹ በላይ መደርደሪያው ላይ። ከዚያ አንድ ወፍራም ሽቦ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ እዚያ ሰርቨሩ አለ፤ ዶክተር ሽቦም የሚውለው እዚያው ነው።

«ሰርቨሩ ማለት እርስዎ ማለት ነው» አለኝ አንድ ቀን ዶክተር ሽቦ።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«የሰዉ ኮምፒውተር ደንበኛ ነው። ፋይል አምጡልኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ፈልጎ ያወጣል፣ ይሰጣል። እርስዎ እዚያ መስኮት ላይ እንደሚሠሩት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬን ከዚህን ያህል ትልቅ ነገር ጋር ያመሳሰለልኝ ሰው አልነበረም።

የዶክተራችንን አሠራር ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት የግዢ ክፍሏ ኃላፊ ጩኸት እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። «ሰርቨሩ ሞቷል! ሞቷል አልኳችሁ!»

ዶክተር ሽቦ ደረሰ። አይሮጥም እሱ፤ ቤቱ ቢቃጠልም የሚሮጥ አይመስለኝም።

«እርስዎ ብቻ ነዎት ወይስ ሁላችሁም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው የራሴን ነው!»

አንገቱን ወደ ጎረቤቷ ጠረጴዛ ሰገግ አደረገ። የጎረቤቷ ይሠራል።

«እንግዲያው ሰርቨሩ በሕይወት አለ። ትናንት ይሠራ ነበር?»

«እንዴታ!»

«የነካው አለ?»

«ማንም አልነካውም። ደግሞ ማን ይነካዋል?»

እዚህ ላይ ክቡር ዶክተራችን ያቺን የታወቀች ንግግራቸውን አሰሙ። «ማንም አልነካውም ማለት፣ የነካው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አለ ማለት ነው።» ከዚያ ተንበርክኮ ከጠረጴዛዋ ሥር ገባ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ከሥር መጣ።

«ጫማዎን ለምን አወለቁ?»

«ታዲያ እግሬ ሲያብጥስ!»

«ይበጥ። አውራ ጣትዎን ግን ሽቦዬ ላይ አያንጠልጥሉት።»

ደብተር ነበረው። አራት ዓምድ አለው፦ ቀኑ፣ ሕመሙ፣ ምክንያቱ፣ የነካው ሰው። ወር በገባ ቁጥር ያለፈውን ወር ገልብጦ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፈዋል። የሰው ፊት አያይም። ጥበቃውን ጽፏል፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ጽፏል፣ የግዢ ክፍሏን ኃላፊ ከነአውራ ጣቷ ጽፏል። ሁለት ቦታ ላይ «ራሴ» የሚል አንብቤያለሁ፤ አንዴ የተሳሳተ ሽቦ ነቅሎ፣ አንዴ ደግሞ መሰላል አንሸራቶት ሲወድቅ የያዘውን ይዞ ወርዶ።

ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር ያጣላውም ይኸው ደብተር ነው። እሳቸው ቢሯቸው ውስጥ ስልካቸው ያለ ምንም ሽቦ ኢንተርኔት እንዲያገኝላቸው ፈልገው፣ ከቤታቸው አንዲት ትንሽ ራውተር፣ ኢንተርኔት የምታድል ሳጥን፣ አምጥተው፣ ለማንም ሳይናገሩ ግድግዳው ላይ ባለው የቢሮው ሽቦ ሰኩ። በማግሥቱ ግማሹ ፎቅ ሰርቨሩን አጣ፤ ግማሹ ያገኛል። ዶክተር ሽቦ ሁለት ቀን ሙሉ በየጠረጴዛው ሥር ሲድህ ቆይቶ ደረሰበት። ለእኔ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦

«ኮምፒውተር ጠዋት ሲነቃ የት እንደሚኖር አያውቅም። አድራሻዬ ምንድነው ብሎ ይጮሃል። የሚመልስለት አንድ ብቻ መሆን አለበት። አሁን ሁለት ሆኑ። የእኛን የሰማ በሰላም ይሄዳል፤ የሳቸውን የሰማ ግን የሌላ ሰፈር አድራሻ ይዞ፣ እዚሁ ቁጭ ብሎ ሰርቨሩን ሌላ ሰፈር ይፈልጋል።»

«ምስኪን» አልኩ።

«ማን?»

«ኮምፒውተሩ።»

ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ወር ሲገባ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። «ምክንያቱ፦ ከቤት የመጣ ራውተር። የነካው ሰው፦ ዋና ሥራ አስኪያጁ።» ሰው ሁሉ ውኃ ሊጠጣ የወጣ እየመሰለ በአጠገቡ እያለፈ አነበበው። እኔ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጣሁ። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሮጣ መጣች።

«ዶክተርዬ፣ በሞቴ አንሳው!»

«እውነት አይደለም?»

«እውነትማ ነው!»

«ታዲያ ይቀመጥ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ሲያገኙት ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እኔ ክፍል ይመጣል። ሳጥኑን በመሐረቡ ይጠርጋል፣ መሐረቡን አራግፎ ያጥፋል፣ ከዚያ ትንንሾቹን አረንጓዴ መብራቶች አንድ ባንድ ያያል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። «አልጠጣም፣ ሥራ አለብኝ» ይላል፤ ይጠጣል። የእኔ ባል ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት አልፎት ነበር፤ እሱ አላገባም፣ ከታላቅ እህቱ ጋር ነው የሚኖረው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። የምናወራው ስለ መብራቶቹ ነው።

«የሚርገበገበው ደህና ነው፣ እየተነጋገረ ነው። ፈዞ የቆመው ነው የሚያሰጋው። ሁሉም ከጠፉ ይደውሉልኝ።»

እኔም ይህን እንደ ትልቅ ሹመት ያዝኩት። አንድ ሰው «ሰርቨር የለም!» ብሎ ሲጮህ ከወንበሬ ብድግ ብዬ መብራቶቹን አይና ለምድር ቤት እደውላለሁ። መሥሪያ ቤቱ ቆሞ የሚሄደው በእኔ ዓይን ይመስለኝ ነበር።

ያን በጋ አንድ ጠዋት መሐረቡ ጠቁሮ ወጣ። «አቧራ ነው የሚገድላቸው» አለ፣ እያሳየኝ። «እኔ የምጠርገው ጠዋት፣ ንፋሱ የሚመጣው ከሰዓት።» ተክዞ ሄደ። እንግዲህ እኔ ሰው ሲተክዝ አይቼ ዝም የሚል አንጀት የለኝም። እሑድ ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ በኪሮሽ አንድ ዳንቴል ሠራሁ፣ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ፣ በሳጥኑ ልክ። ለቴሌቪዥን፣ ለሬዲዮ፣ ለስልክ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለእሱ ዕቃ የማልሠራበት ምክንያት አልታየኝም።

ሠርቼ ስጨርስ ግን አፈርኩ። ምን ይለኛል? ስለዚህ ከምሳ በኋላ ንፋሱ ሲጀምር ሳጥኑን አለብሰዋለሁ፤ ወደ ቤቴ ስሄድ አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ጠዋት መጥቶ ሲጠርግ መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። «ዛሬስ አቧራው ቀንሷል» ይላል። እኔ ሻዩን እቀዳለሁ። ደስታዬን ግን አትጠይቁኝ።

ሕመሙም የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፎቁ በሙሉ ከሰርቨሩ ይቆረጣል። ጩኸት በጩኸት ይሆናል። እኔ ብድግ እላለሁ፤ መብራቶቹን ለማየት ዳንቴሉን አነሳና መሳቢያ ውስጥ ወርወር አድርጌ ስልኩን እይዛለሁ። «ዶክተር፣ ሁሉም ጠፍተዋል!» እሱ ሽቦውን በእጁ እየዳበሰ ከምድር ቤት እኔ ጋ እስኪደርስ መብራቶቹ መመለስ ይጀምራሉ። ሐኪም ደጃፍ ሲደርስ የሚሻለው በሽተኛ ሆነበት።

«የነካው አለ?» ይለኛል።

«ኧረ ማንም አልነካውም!»

ይህን ስል መዋሸቴ አልነበረም። ዳንቴሉ በሐሳቤም አልመጣ። ልብስ ያለበሱት ልጅ ታመመ ሲሉ ልብሱን ማን ይጠረጥራል?

ዶክተር ሽቦ ያላደረገው የለም። ሽቦዎቹን ቀየረ። ጣሪያው ላይ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ መዘገበ፤ ሻይ አመላላሿን ልጅ ሳይቀር «ስትገቢ በየትኛው እግርሽ ነው የምትገቢው?» ብሎ መርምሯታል። በመጨረሻ የፎቁ ሰው ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጁን ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ሥራ አስኪያጁ ከበራቸው ብቅ ሲሉ ሠላሳ ሰው እጁን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። እኔም ዘርግቻለሁ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠሩ።

«የሰው ስም መለጠፍ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ይከብደዋል?» አሉ። «አሥር ቀን ሰጥቼሃለሁ። ምክንያቱን ካላመጣህ፣ ወደብ ከተማ ያለው ቅርንጫፋችን ሰው ይፈልጋል።»

ወደብ ከተማ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ለእኔ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከእሱ ይልቅ እኔ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። በቻልኩት ልርዳው ብዬም፣ ንፋስ ኖረ አልኖረ፣ ገና እኩለ ቀን ሳይሞላ ሳጥኑን ማልበስ ጀመርኩ። ሕመሙ ባሰበት፤ በስምንት ሰዓትም፣ በሰባት ተኩልም ይመጣ ጀመር። እኔም ይበልጥ አለብሰው ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ከምሳ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ፊቱ ገርጥቷል፣ ጢሙን አልተላጨም።

«ዛሬ እዚሁ ነው የምውለው» አለ። «ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳም።»

ጠዋት ሥራ በዝቶብኝ ሳላለብሰው ወጥቻለሁ። ውጭ ንፋሱ ተነስቷል፣ መስኮቱ ሥር አቧራው ይታየኛል። ፋይል አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

«ምን ሆኑ?» አለኝ።

«አይ... አቧራው ነው።» ከዚያ ፋይሉን አስቀመጥኩ። «ዶክተር፣ እንግዲህ አይሳቁብኝ።» መሳቢያዬን ከፍቼ ዳንቴሉን አወጣሁና ፊቱ አለበስኩት፤ ጠርዙንም አስተካከልኩ።

አልሳቀም። ቁጭ ብሎ ዳንቴሉን ማየት ያዘ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ተቀመጥን። ከዚያ ከኮሪደሩ ጩኸቱ መጣ፦ «ሰርቨር የለም!» ተነሳ፤ መዳፉን ዳንቴሉ ላይ አሳረፈና ወዲያው መለሰው። እጄን ይዞ እሱ ያሳረፈበት ላይ አሳረፈው። እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ይፋጃል።

«ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

«በየቀኑ?»

«አቧራ ነው የሚገድላቸው አላሉኝም?»

«ብያለሁ» አለ።

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲል ግን ዓይኑ የሚስቅ ሰው ዓይን አይደለም። ዳንቴሉን አንስቶ ጠርዙን በሁለት ጣቱ ዳሰሰው።

«በእጅዎ ነው?»

«በእጄ።»

«ሥራው ያምራል» አለና አጣጥፎ ሰጥቶኝ ወጣ።

በማግሥቱ ስብሰባው ላይ ቆመ። «ምክንያቱ ተገኝቷል። የስዊቹ መተንፈሻ ተዘግቶ ይግል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አይቋረጥም።»

«ማን ዘጋው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ስበው። «የነካው ሰው የሚለው ባዶ ነው።»

እኔ እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ደብቄያለሁ። ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነበር የቀረኝ። ሆኖም አፌን ከፈትኩ። እሱ ከማዶ አየኝና ራሱን ወዲህና ወዲያ አደረገ፤ ዝንብ የሚያባርር ያህል ነው፣ ሌላ ሰው አላየውም። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ስለዚህች ቅጽበት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አትናገሪ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት እላለሁ። ደግሞ ፈርቼ ነው እላለሁ። ሁለቱም ነው።

«ለእኔ ጊዜ ስም ተገኝቶ ነበር!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ዛሬ ምነው ብዕርህ ደረቀ?»

እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ አጎንብሶ ጻፈ። እሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ራሴ።»

«በገዛ እጅህ» አሉና ደብተሩን ዘጉት።

የዝውውር ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ምድር ቤት ወረድኩ። ዕቃውን ሳጥን ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ለምን?» አልኩት። «የእኔን ስም ይጻፉት። ምን ያደርጉኛል? ይቆጡኛል፣ በቃ።»

«ስምንት ወር ነው የቀረዎት። ምን እንደሚያደርጉ እርስዎም እኔም አናውቅም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም።»

«ደብተሩ ላይ ሐሰት ጻፉ» አልኩ።

«አዎ። የመጀመሪያዬ ነው።» ሽቦ መጠቅለሉን ቀጠለ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ለእነዚህ ዕቃዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ ነበርኩ የማዝነው። ሌላ ሰው ያዝንላቸዋል ብዬ አላሰብኩም» አለ።

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን ዛሬ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ድስት ሳጥብ ሁሉ እለዋለሁ። ያን ቀን ያልኩት ግን «ሻይ ላምጣልዎ?» ነው።

«አልጠጣም፣ ሥራ አለብኝ» አለ። ያን ቀን እውነትም አልጠጣም።

ሰኞ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ክፍሌ ያሉት ሽቦዎች ላይ ሁሉ፣ እኔ ያለ መነጽር ላነበው በምችለው ትልቅ ፊደል፣ ወዴት እንደሚሄዱ ጽፎባቸው ነበር። በእሱ ቦታ አንድ ድርጅት ተቀጠረ። አንድ ነገር ሲቋረጥ በስልክ ይደወላል፤ ሁልጊዜ ትሑት የሆነ ድምፅ «አጥፍተው ያብሩት» ይላል። አጥፍተን እናበራዋለን፣ ይሠራል። ማማረሬ አይደለም። ሰው ግን አይመጣም።

ስምንቱ ወር አልቆ ጡረታዬን የያዝኩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ከዳንቴሉ ጀምሬ።

«የምን ዳንቴል?» አሉ። እውነትም ረስተውታል።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ደብዳቤ ይጻፍና ይመለስ።»

«እማማ፣ ያ እኮ ያለፈ ነገር ነው። መደቡም ታጥፏል። ወዴት ይመለሳል?» አሉኝ፣ ተነስተው በሩን እየከፈቱልኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቸኩለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ዕቃ ሊያደርስ ሄዶ አግኝቶት ነበር። «እትዬ መዝገብ ደህና ናቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ አለ። «ምን አልከው?» አልኩት። «ደህና ናቸው አልኩት» አለኝ። ሌላ ምን ይበል። ሁለተኛ፣ የግዢ ክፍሏ ኃላፊ ለዕረፍት ወደዚያ ሄዳ መንገድ ላይ አገኘችው። ይህ የዛሬ አራት ዓመት ነው። እህቱ ሞታለች። እሱ ጡረታ ወጥቷል፣ ግን ወደዚህ አልተመለሰም። ወደብ ከተማ ውስጥ፣ ከገመድ መሸጫው ጀርባ ባለ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ በሳምንት ሦስት ጠዋት እየሄደ የአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችን ይጠግናል።